ሰዓት የሌለው መዝገብ፦ በሲድኒ ወደብ የኪንግፊሽ አጠማመድ፣ የባሕር ሙላትና ሽሽት እና የመረጃው አተረጓጎም

በአውስትራሊያ የሲድኒ ወደብ ውስጥ ለመርከቦች መንገድ የሚያመለክቱ ምሰሶዎች ከባሕሩ ወለል ተነሥተው ቆመዋል። አንድ አጥማጅ በበጋ ቀን ጀልባውን ከአንዱ ምሰሶ አጠገብ አቁሞ ሁለት ሰዓት ጠብቆ ባዶ እጁን ይመለሳል እንበል። እሱ ከሄደ በኋላ በዚያው ምሰሶ ሥር፣ በዚያው ዓይነት ማባበያ፣ ሌላ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ኪንግፊሽ ቢያወጣ ወደቡን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ሰው በማስታወሻው ላይ «ዓሣ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው «ዓሣ ሞልቷል» ይላል። ሁለቱም የጻፉት እውነት ነው። በሁለቱ መካከል የተለወጠው የዓሣው ብዛት ሳይሆን የውኃው እንቅስቃሴ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ያያይዛል። አንደኛው አጥማጆች በወደቡ ውስጥ ኪንግፊሽን ለማግኘት በባሕር ሙላትና ሽሽት እንዲሁም በማባበያ እንዴት እንደሚጠቀሙ ማብራራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ዕውቀት የአጥማጆችን መዝገብ እንደ ጥናት ግብዓት ለሚወስድ ተመራማሪ ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን፦ የሙላትና የሽሽት ደረጃ ያልተጻፈበት የኪንግፊሽ መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው፤ ደረጃው ቢጻፍበት እንኳ በሲድኒ ወደብ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ኪንግፊሽ» በየወደቡ የተለያየ ዓሣ ይጠራበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች በዓሣ ገበያ በዚህ ስም የሚያውቁት፣ በዐረብኛ ከንዓድ የሚባለው፣ ከማኬሬል ወገን የሆነ ረጅምና ቀጭን ዓሣ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ግን በሳይንሳዊ ስሙ ሴሪዮላ ላላንዲ የሚባለው፣ ጀርባው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ሆዱ ብርማ፣ ጅራቱ ቢጫ የሆነ ብርቱ ዋናተኛ ነው። ከ50 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ተይዘዋል፤ በወደቡ ውስጥ የሚገኙት ግን በአብዛኛው ገና በማደግ ላይ ያሉ ናቸው። የአገሩ አጥማጆች ከሕጋዊው ልክ በታች የሆኑትን በቀልድ «አይጥ» ይሏቸዋል። ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ፦ ኪንግፊሹ በጅራቱ ቀለም ምክንያት «የሎውቴል» የሚል ተጨማሪ ስም አለው፤ እሱን ለመያዝ በማባበያነት የሚያገለግለው ትንሽ ዓሣም በሲድኒ «የሎውቴል» ይባላል። ይህን ትንሽ ዓሣ ብዙዎች በአጭሩ «ያካ» ስለሚሉት፣ እኛም እንዳይምታታ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። የቆዩ ማስታወሻዎችን የሚያገላብጥ ተማሪ «የሎውቴል» የሚለውን ቃል ሲያገኝ አዳኙ ይሁን ታዳኙ ከዐውዱ መለየት ይኖርበታል።

ውኃው እንዴት ይንቀሳቀሳል?

በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው የውኃ ከፍታ ከክረምት እስከ በጋ የሚለዋወጥ እንጂ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚለዋወጥ ነገር አይደለም። በውቅያኖስ ዳርቻ ግን የጨረቃና የፀሐይ ስበት ውኃውን በየዕለቱ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ውኃው ወደ ወደቡ እየገባ ከፍ የሚልበትን ጊዜ ሙላት፣ እየወጣ ዝቅ የሚልበትን ጊዜ ሽሽት እንላለን። በሲድኒ ከአንድ ሙላት ጫፍ እስከ ቀጣዩ በአማካይ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ስለዚህ በቀን ብዙውን ጊዜ ሁለት ሙላትና ሁለት ሽሽት አለ፤ ሰዓቱም በየቀኑ በአማካይ በ50 ደቂቃ ወደ ኋላ ይዘገያል። በወደቡ መካከል ባለችው በፎርት ዴኒሰን ደሴት ላይ ያለው የከፍታ መለኪያ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቀጥል መዝገብ ስላለው፣ ለአካባቢው የሚወጡት የሙላት ሠንጠረዦች መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ወደቡ የተፈጠረው ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ የባሕር ወለል ከፍ ሲል በውኃ ከተዋጠ የወንዝ ሸለቆ ነው። በዚህም ምክንያት ዳርቻው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ፣ በብዙ ሹል የድንጋይ ጫፎችና ወደ ውስጥ በገቡ ወሽመጦች የተሞላ ነው። ስፋቱ 55 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው በአንድ ሙላት በ1.2 ሜትር ቢጨምር፣ በወደቡ አፍ የሚገባው ውኃ በቀላል ስሌት ወደ 66 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። አውስትራሊያውያን ትልቅ የውኃ መጠንን ሲገልጹ «ሲድሃርብ» የሚል መለኪያ ይጠቀማሉ፤ አንድ ሲድሃርብ ወደቡ የሚይዘው ውኃ ማለት ሲሆን ወደ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል። በሌላ አነጋገር በስድስት ሰዓት ውስጥ የወደቡ ውኃ አንድ ስምንተኛ የሚያህል ይገባል፣ ከዚያም ይወጣል። ትናንሽ ዓሦች፣ ስኩዊዶችና ለነዚህ ምግብ የሚሆኑ ደቃቅ ፍጥረታት ከዚህ ውኃ ጋር ይጓዛሉ።

ፍሰቱ ግን በስድስቱ ሰዓታት እኩል አይደለም። መርከበኞች ለግምት የሚጠቀሙበት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልፋይ ስሌት እዚህ ይረዳናል፦ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ለውጥ አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ አሥራ ሁለተኛው ይከናወናል። በ1.2 ሜትር ሙላት ይህ ማለት 10፣ 20፣ 30፣ 30፣ 20 እና 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሹ ለውጥ በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይፈጸማል። የሲድኒ ወደብ ጥልቅና አጭር ስለሆነ የውኃው ከፍታ ከአፉ እስከ ውስጡ ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ በመሆኑም ፍሰቱ በሙላቱ ጫፍና በሽሽቱ መጨረሻ አካባቢ ይረጋል፣ በመካከሉ ይበረታል። በመግቢያችን ላይ ባዶ እጁን የተመለሰው አጥማጅ ሁለቱን ሰዓት ያሳለፈው በዚህ የዕርጋታ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ቦታ ማለት የፍሰት ፊት ነው

ኪንግፊሽ በዓይኑ የሚያድን፣ በመንጋ የሚዞር ዓሣ ነው። ክፍት በሆነ ውኃ ውስጥ ያለማቋረጥ ቢዋኝም ቋሚ በሆነ ነገር አጠገብ መሰብሰብ ይወዳል፤ ምሰሶ፣ ተንሳፋፊ ምልክት፣ የጀልባ መቆሚያ፣ ከወለሉ ብቅ ያለ ዐለት፣ የድንጋይ ጫፍ ሁሉ ይስቡታል። በወደቡ አፍ አጠገብ ያለው ሶው ኤንድ ፒግስ የተባለው ዐለታማ ጥልቅ ያልሆነ ቦታ፣ በመርከብ መንገዶቹ ላይ ያሉት፣ በቅርጻቸው ምክንያት «የሠርግ ኬክ» የሚባሉት ምልክቶች፣ እንዲሁም በሚድል ሃርበር የስፒት ድልድይ አካባቢ በአጥማጆች ዘንድ የታወቁ ናቸው። እነዚህን ስሞች መዘርዘር ግን ብዙ አይጠቅምም፤ በሲድኒ ማንም ሰው ያውቃቸዋል። ዕውቀቱ ያለው ከምሰሶው በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት መቆም እንደሚገባ በመለየት ላይ ነው።

ፍሰት ከምሰሶ ወይም ከዐለት ጋር ሲጋጭ ከፊቱ ውኃው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በጎኖቹ ይፈጥናል፤ ከኋላው ይሽከረከራል። ያካና መሰል ትናንሽ ዓሦች አፋቸውን ወደ ፍሰቱ አዙረው፣ ውኃው የሚያመጣላቸውን ደቃቅ ምግብ እየለቀሙ በዚህ መሰናክል ዙሪያ ይቆያሉ። በክፍት ውኃ ውስጥ ከሚከፍሉት ያነሰ ጉልበት ይከፍላሉ፤ መሸሸጊያም ያገኛሉ። ኪንግፊሹ ደግሞ፣ አጥማጆች ደጋግመው እንደሚናገሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከመሰናክሉ ፊት ለፊት፣ ፍሰቱ በሚመጣበት በኩል ነው። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም። ተንሳፎ የሚመጣ ታዳኝ መጀመሪያ የሚደርሰው በዚያ በኩል ነው፤ ከምሰሶው የራቀ ትንሽ ዓሣም የሚጠቃው ወደ መጠለያው ለመመለስ ሲሞክር ነው። ስለዚህ ሙላት ሲሆን ዓሣው ከምሰሶው በስተ ውቅያኖስ፣ ሽሽት ሲሆን ከምሰሶው በስተ ወደብ ይገኛል። አንድ ቦታ በቀን አራት ጊዜ ፊቱን ያዞራል ማለት ነው። ጀልባውን ጠዋት ባሰረበት በኩል ከሰዓት በኋላም የሚያስር ሰው ከዓሣው በተቃራኒው ጎን ይቆማል፤ ልዩነቱ ሠላሳ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሙላትና ሽሽት በሚያመጡት የውኃ ዓይነትም ይለያያሉ። ሙላት ከውቅያኖስ ጥርት ያለ ውኃ ያስገባል፤ ሽሽት ከወንዙና ከወሽመጦቹ ደለልና የተንሳፈፈ ሣር የያዘ ውኃ ያወጣል። ሁለቱ በሚገናኙበት የቀለም ድንበር ላይ ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ቀላሉ ጣፋጭ ውኃ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ከላይ የደፈረሰ፣ ከታች ግን ጥሩና ጨዋማ የሆነ ውኃ ሊኖር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አጥማጆች ማባበያቸውን ያጠልቃሉ። ወቅቱን በተመለከተ፣ ኪንግፊሽ በወደቡ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የምሥራቅ አውስትራሊያ ሞገድ ሞቃት ውኃ ወደ ዳርቻው በሚያመጣበት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው።

ማባበያው

በሲድኒ ወደብ ከማባበያ ሁሉ ቀዳሚ የሚባለው ስኩዊድ፣ ማለትም አሥር ክንዶች ያሉት ለስላሳ ገላ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ ከገበያ ተገዝቶ አይመጣም። አጥማጁ ከማለዳ በፊት ተነሥቶ የባሕር ሣርና አልጌ በበዛበት ጥልቅ ያልሆነ ዳርቻ፣ ሽሪምፕ የሚመስል ባለ ብዙ ሹል ሰው ሠራሽ ማታለያ እየጣለ ራሱ ይይዘዋል። ያካን ለመያዝ ደግሞ በመቆሚያዎች አጠገብ የዳቦ ፍርፋሪ በውኃ አርሶ ይበትናል፤ ዓሦቹ ሲሰበሰቡ በአንድ ክር ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን መንጠቆዎች ይጥልላቸዋል። የተያዙት የባሕር ውኃ ሳያቋርጥ በሚዘዋወርበት ገንዳ ውስጥ በሕይወት ይቆያሉ። ስኩዊድ ቀለሙን ሲረጭ የገንዳው ውኃ ቶሎ ካልተለወጠ ራሱም ሌላውም ማባበያ ይሞታል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቀለሙን ሳይጨርስ ወደ ገንዳው አያስገቡትም።

ሕያው ማባበያ የሚመረጥበት ምክንያት እንቅስቃሴው ነው። ያካው በአፍንጫው በኩል፣ ስኩዊዱ በገላው ጫፍ በኩል፣ በሚቻለው መጠን ሳይጎዳ በመንጠቆ ይያዛል። ከዚያ ጀልባው በፍሰቱ ላይ እየተንሳፈፈ ወይም ሞተሩ እጅግ በዝግታ እየገፋው ማባበያው ወደ ምሰሶው ፊት ይደርሳል። ዓሣው በጥልቀት ሲሆን በብረት ገመድ የሚወርድ ከባድ የእርሳስ ኳስ ማባበያውን ወደሚፈለገው ጥልቀት ያወርደዋል፤ ኪንግፊሹ ሲይዘው ክሩ ከኳሱ ይላቀቃል። ከተያዘ በኋላ ያለው ትግል አጭርና ከባድ ነው። ዓሣው በቀጥታ ወደ ምሰሶው ወይም ወደ ዐለቱ ስለሚሸሽ፣ በዛጎል በተሸፈነው ምሰሶ ላይ ክሩ አንዴ ከነካ ይበጠሳል። ለዚህም ነው ከዓሣው ክብደት ጋር ሲነጻጸር የጠነከረ ክር የሚመረጠው።

ማባበያ ፍሰቱን የሚተካ ኃይል እንደሌለው ማስተዋል ይገባል። በዕርጋታ ጊዜ በምሰሶው ዙሪያ ኪንግፊሽ በድምፅ ሞገድ መመልከቻ ላይ እየታየ ምርጥ ስኩዊድ ሳይነካ ሊቀር ይችላል፤ ውኃው መንቀሳቀስ ሲጀምር የደረቀ የስኩዊድ ቁራጭ እንኳ ይወሰዳል። በሌላ በኩል ማባበያው የሚያዘውን ዓሣ መጠን ይመርጣል። ትልቅ ሕያው ስኩዊድ ትናንሾቹን ኪንግፊሾች በከፊል ይከለክላል፤ ቁራጭ ግን ሁሉንም ይጋብዛል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ የተያዙት ዓሦች አማካይ ርዝመት ጨመረ ማለት ዓሦቹ አደጉ ማለት ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ዓመት ስኩዊድ በብዛት ተገኝቶ ይሆናል።

የንጋት ችግር

ወደ መረጃው ጉዳይ ስንመጣ፣ አብዛኛው የኪንግፊሽ አጥማጅ በንጋት ይወጣል። ስኩዊድ በዚያ ሰዓት ይገኛል፤ ጀልባ አይበዛም፤ ብርሃኑ ገና ደካማ ስለሆነ ዓሣው አይጠነቀቅም። ከነዚህ ጉዞዎች ማስታወሻ ተሰብስቦ «በሙላት የተያዘው በሽሽት ከተያዘው ይበልጣል» የሚል ውጤት ቢገኝ ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ እይታ መልሱ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በሲድኒ ያለውን የሙላት ሰዓት ልብ ብሎ ያየ ሰው ይጠራጠራል።

ጨረቃ አዲስ በምትሆንበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ የፀሐይና የጨረቃ ስበት ስለሚደመር ታላቁ ሙላት ይሆናል። በሲድኒ በነዚህ ቀናት የሙላቱ ጫፍ የሚደርሰው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱም ከምሽቱም ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በንጋት፣ ማለትም በ11 እና በ12 ሰዓት መካከል፣ ውኃው በሙላት መካከለኛ ደረጃ ላይ፣ በብርቱ ፍሰት እየገባ ነው። ከሳምንት በኋላ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ያህል ይዘዋወራል፤ ሙላቱም ትንሽ ይሆናል። ያን ጊዜ በንጋት የሚገኘው ሽሽት ነው፤ እሱም ደካማ ሽሽት። በመካከሎቹ ቀናት ንጋት ከዕርጋታ ጋር ይገጥማል። ምሽቱም እንደ ንጋቱ ነው፦ በታላቁ ሙላት ቀናት ጀምበር ስትጠልቅ ውኃው ይገባል፤ በትንሹ ሙላት ቀናት ይወጣል።

የዚህ ውጤት ለተመራማሪው ከባድ ነው። በሲድኒ ወደብ ብርቱ ሽሽት በንጋትም በምሽትም አይገኝም። ብርቱ ሽሽት የሚሆነው በቀትር አካባቢ፣ ፀሐይ ከላይ በሆነችበትና ጀልባዎች በሚተራመሱበት ሰዓት፣ ወይም በእኩለ ሌሊት ነው። ደካማ ሙላትም እንዲሁ በቀትርና በእኩለ ሌሊት ይውላል። ስለዚህ በንጋት መዝገብ ውስጥ «ሙላት» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይዟል፦ የፍሰቱን አቅጣጫ፣ የፍሰቱን ብርታትና የጨረቃን ደረጃ። አጥማጁ ሙላት ይሻላል ሲል ትክክል ነው፤ ዕቅዱንም በዚያ ላይ ቢመሠርት ይጠቀማል። ተመራማሪው ግን ኪንግፊሹ የመረጠው ከውቅያኖስ የመጣውን ጥሩ ውኃ ይሁን ወይስ ፈጣኑን ፍሰት ብቻ ከዚህ መዝገብ ሊያውቅ አይችልም። የናሙናው ብዛት ቢጨምርም አይረዳውም፤ አሥር ሺህ የንጋት ጉዞዎች ቢሰበሰቡ ያው ጥምረት አሥር ሺህ ጊዜ ይደጋገማል እንጂ አይፈታም።

መፍትሔው በከፊል ከሌላ ሰዓት፣ በከፊል ከሌላ ወደብ ይመጣል። የቀትር ጉዞዎችን ብቻ ወስዶ በዚያ ሰዓት ብርቱውን ሽሽት ከደካማው ሙላት ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ በቀትር ደግሞ ጥምረቱ ከንጋቱ በተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ አቅጣጫን ከብርታት ለመለየት ይረዳሉ። ይህም የሚሆነው የብርሃኑ ልዩነት በሌላ መንገድ ከተገመተ ነው። የሙላት ሰዓቱ ከሲድኒ በሚለይ ወደብ ተመሳሳይ ጥናት ቢደረግ ደግሞ ታላቁ ሙላት ከሌላ የቀን ክፍል ጋር ስለሚገጥም፣ እዚህ የተጣበቀው እዚያ ይላቀቃል። በዓሣው አካል ላይ የሚተከሉ ድምፅ አስተላላፊዎች ዓሣው አጥማጅ በሌለበት ሰዓት የት እንዳለ ስለሚያሳዩ ለጥያቄው የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን ዓሣው መኖሩን እንጂ መብላቱን አይነግሩም።

የመዝገቡ ክብደት

የአጥማጆችን ማስታወሻ ይህን ያህል መመርመር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ምክንያቱ በወደቡ የቅርብ ታሪክ ውስጥ አለ። በሆምቡሽ ቤይ ዳርቻ ከነበሩ የኬሚካል ፋብሪካዎች የመጣ ዳዮክሲን በዓሦች አካል ውስጥ በመገኘቱ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በወደቡ ውስጥ የንግድ ዓሣ ማስገር ሙሉ በሙሉ ታገደ። ለመዝናኛ የሚያጠምዱ ሰዎችም ከወደቡ ትልቅ ድልድይ በስተ ምዕራብ የያዙትን ዓሣ እንዳይበሉ፣ በስተ ምሥራቅ የያዙትንም በመጠን እንዲበሉ ተመከሩ። ከዚያ ወዲህ ከወደቡ ውስጥ የንግድ ምርት መዝገብ አይገኝም። ስለ ወደቡ ኪንግፊሽ የሚናገረው በአብዛኛው መንጠቆ የያዘው ሰው ነው፤ እሱም ባዶ እጁን ከተመለሰበት ቀን ይልቅ የያዘበትን ቀን የመናገር ዝንባሌ አለው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ዓሣው ጫና ደርሶበት ነበር። በኒው ሳውዝ ዌልስ ዳርቻ ተንሳፋፊ የኪንግፊሽ ወጥመዶች ወጣት ዓሦችን በብዛት ይይዙ ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ታገዱ። በግዛቲቱ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው፣ አጥማጆች በዓሣ ላይ ቁጥር ያለው ምልክት አድርገው በሚለቁበት መርሐ ግብር አብዛኞቹ ኪንግፊሾች ከተለቀቁበት ብዙም ሳይርቁ እንደገና ተይዘዋል፤ ጥቂቶች ግን የታስማን ባሕርን አቋርጠው በኒው ዚላንድ ተገኝተዋል። ይሁንና ምልክት ያለው ዓሣ እንደገና የሚያዘው አጥማጆች ባሉበት ቦታና ሰዓት ብቻ ስለሆነ ይህም መረጃ ከላይ ካየነው ችግር ነጻ አይደለም።

ሊዘለል የማይገባው ቁጥር የብስለት መጠን ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ በተደረገ ጥናት ከወንዶቹ ግማሾቹ ለመራባት የሚደርሱት ከአፋቸው እስከ ጅራታቸው መሰንጠቂያ ሲለኩ 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆኑ፣ ከሴቶቹ ግማሾቹ ግን 83 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆኑ ነው። በግዛቲቱ ለመዝናኛ አጥማጆች የተፈቀደው ዝቅተኛ ርዝመት እስከ ጅራት ጫፍ ሲለካ 65 ሴንቲ ሜትር፣ የቀኑ ገደብ በነፍስ ወከፍ 5 ዓሣ ነው። ሁለቱ አለካኮች የተለያዩ በመሆናቸው ልዩነቱ ከቁጥሮቹ ከሚመስለው የሰፋ ነው፤ ከወደቡ በሕጋዊ መንገድ የምትወሰድ ሴት ኪንግፊሽ በአብዛኛው አንድ ጊዜም እንቁላል ያልጣለች ናት። ሙላቱን፣ የምሰሶውን ፊትና ስኩዊዱን አስተባብሮ የሚያውቅ አጥማጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገደቡን ሊሞላ ይችላል። ይህ ጸሐፊ የዝቅተኛው ርዝመት ጉዳይ እንደገና ሊታይ ይገባል ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን ለውጡን የሚደግፍም ሆነ የሚቃወም ሰው የሚያቀርበው ማስረጃ የወደቡ መዝገብ በመሆኑ ነገሩ ወደ ጀመርንበት ይመለሳል።

በመሆኑም ለወደፊት ጥናት ከአጥማጆች የሚጠየቀው ቅጽ ትንሽ ቢሻሻል ብዙ ይጠቅማል። «ሙላት» ወይም «ሽሽት» የሚል ምርጫ አይበቃም። አጥማጁ መንጠቆው ውኃ የነካበትንና የወጣበትን ሰዓት ብቻ በትክክል ቢጽፍ፣ ተመራማሪው ከፎርት ዴኒሰን ሠንጠረዥ ደረጃውንም የሙላቱንም መጠን ራሱ ማውጣት ይችላል። ስኩዊድና ያካ በመፈለግ ያለፈው ጊዜ ለብቻው ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ስኩዊድ ባልተገኘበት ጠዋት ኪንግፊሽ የጠፋ ይመስላል። የማባበያው ዓይነትና ሕያው መሆን አለመሆኑ፣ ጀልባው ከምሰሶው በየትኛው በኩል እንደቆመ፣ ዓሣው እስከ የትኛው የጅራት ክፍል እንደተለካ ይጻፍ። ባዶ የተመለሱበት ጉዞም እንደሌላው ሁሉ አንድ መስመር ይኑረው፤ በተለይም የቀትሩ።